በወይራ የታጠነ ብልቃጥ

የመምህር አበጋዝ ጓዳ በተከፈተ ቁጥር የሰፈሩ ሰው አፍንጫውን በነጠላው ይይዝ ነበር። ነቀምቴ ሽታ ብርቋ አይደለም፤ የቆዳ ተራ አላት፣ የበቅሎ ማሰሪያ አላት። የዚህ ጓዳ ግን የብቻው ነው። የከረመ የአህያ ሽንት ይመስልና ዓይን ያስለቅሳል። አላፊ አግዳሚው «ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን እየቀቀለ ነው?» ባለ ቁጥር በኀፍረት የምትሸማቀቀው ሚስቱ ድርቤ ነበረች። እሱ ምን ገዶት! አፍንጫው በዚያው ሽታ ደንዝዞ በርበሬ ሲቆላ እንኳ አያስነጥሰውም።

በጃንሆይ ጊዜ ዲግሪ ያለው ሰው በወለጋ እንደ ጉድ ነበር የሚታየው። አበጋዝ ግን ዲግሪውን ይዞ፣ ተወልዶ ወዳደገበት ከተማ በኬሚስትሪ አስተማሪነት ሲመደብ፣ ከነሕይወቱ የተቀበረ መሰለው። አባቱ ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ፤ እሱ እዚሁ ነቀምቴ ከኦሮሞ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቶ ነው ያደገው። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሶ ጥቂት ከከረመ ወዲህ ግን በገበያ «አካም ጂርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ሲሉት ያልገባው መስሎ ያልፋል። ቋንቋው ጠፍቶት እንዳይመስላችሁ፤ ኩራት ነው።

ድርቤን ያገባት ከዚያ ኩራት በፊት ነበር። ከኡኬ መንደር የመጣችው ድርቤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረች፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ነበረች። አባቷ ኦቦ ዋቅወያ የወንጌላውያን ማኅበር ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ቢላክባቸው እምቢ አሉ። ልጅቷ ወድጄዋለሁ ስትል፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሏት፣ «የነፍጠኛ ልጅ ብለሽ በዚህ በር ከወጣሽ፣ በዚህ በር ተመልሰሽ አትገቢም።» ሰዉ ቁጣ ነው፣ ይበርዳል ብሎ ነበር። አልበረደም። እናቷ የተቀበረች ቀን እንኳ ድርቤ ከአጥር ውጭ ቆማ ነው ያለቀሰችው። አንድም ሰው ግቢ አላላትም። እንግዲህ ይህች ሴት በዓለም ላይ ያላት ቤት ያ የሚሸተው የአበጋዝ ቤት ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ጊዜ ደስ ይል ነበር። አበጋዝ ከትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ እየተዋሰ ያመጣና፣ «ነይ እዪ» ይላታል። «ይሄ ጠመኔ ነው። የእንቁላል ቅርፊትም፣ የቀንድ አውጣ ቤትም ይኸው ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት። ግን መልኩ ሦስት ነው። ከውኃ ውስጥ ሲረጋ አንዳንዴ ማዕዘን ያለው ጠጠር ሆኖ ይወጣል፤ ካልሳይት ነው እሱ። ውኃው ሲሞቅ እንደ መርፌ ይሾላል። አልፎ አልፎ ደግሞ እንደ ዶቃ ድብልብል ይሆናል፤ ቫተራይት ይሉታል። ዶቃው ነው አስቸጋሪው። አይመጣም፣ ቢመጣም አይቆይም፤ ውኃ ውስጥ ከዘገየ ይሟሟና መልሶ ጠጠር ይሆናል።» ድርቤ ዓይኗን አስጠግታ ታያለች። ያን ጊዜ ትከሻዋን አቅፎ ነበር የሚያሳያት።

አንድ ክረምት ለአስተማሪዎች ኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር፣ «ዶቃውን በፈለግህ ጊዜ ማምጣት ከቻልክ፣ ቦታህ እኔ ላቦራቶሪ ነው፤ ከዚያም ወደ ውጭ እልክሃለሁ» ብሎታል። በቃ! አበጋዝ ጓዳውን ላቦራቶሪ አደረገው። ማርማላታ የመጣባቸውን አፈ ሰፊ ብልቃጦች ሰበሰበ፤ የካልሲየሙን ውኃ ይሞላቸውና በእንጨት ሣጥን ይደረድራቸዋል። ከመካከላቸው አሞኒያ የሚተፋ ነጭ ዱቄት በሰሃን ያስቀምጥና ይከድናል። ያ ነው የሚሸተው። ዱቄቱ እየተነነ ውኃው ውስጥ ሲገባ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ይረጋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ጠጠር። በሚቀጥለው ሳምንትም ጠጠር። ዓመት ሙሉ ጠጠር።

ጠጠሩ በመጣ ቁጥር አበጋዝ ንዴቱን የሚወጣበት ሰው ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ድርቤ ናት። አንድ ቀን አቧራ ልትጠርግ ብላ ብልቃጥ አንስታ ደረሰባት። እናቱ እትዬ ሸዋጌጥ የማኅበር እንግዶች ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። እዚያ መካከል አቆማትና እንደ ተማሪ፣ «ዳግመኛ የማላውቀውን ነገር አልነካም በይ» አላት። ቃሉን አስደጋገማት። እትዬ ሸዋጌጥ ጠላቸውን እየጠጡ፣ «ጮክ በይ እንጂ፣ አልተሰማም» አሉ። እንግዶቹ መሬት መሬት አዩ። እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ነበር የሚያዩዋት።

እትዬ ሸዋጌጥ ምራታቸውን ወደዋት አያውቁም። በዚህ ሽታ ምክንያት ደግሞ ምላሳቸው እንደ ልብ ዋኘ። «ሴት ያለበት ቤት እንዲህ አይሸትም» ይላሉ። «የአገርሽ ሰዎች ከከብት ጋር ስለሚያድሩ አይሰማሽ ይሆናል እንጂ።» ይህ ነገር ድርቤን አንገበገባት። ንጽሕና ከእናቷ የተማረችው ሙያ ነው። ኡኬ ላይ የወተት ዕቃ ታጥቦ ብቻ አይተውም። ኤጀርሳ ይነደዳል፣ ወይራ ማለት ነው፤ ዕቃው ጭሱ ላይ ይደፋል፣ ከዚያ ወዲያ ሽታ የሚባል ነገር ድርሽ አይልበትም። ያልታጠነ ዕቃ ይዛ ብቅ ያለች ሴት ጎረቤት ከሴት አይቆጥራትም።

ስለዚህ ምን አደረገች? አበጋዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ብልቃጦቹን አጥቦ ይደፋቸውና ወደ ቢራ ቤት ይሄዳል። እሷ ከሱ ኋላ ትገባና የወይራ ፍም በገል ላይ አድርጋ፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ጭሱ ላይ ትደፋለች። ከዚያ እንደነበሩ ትመልሳቸዋለች። እሱ ሰኞ ውኃውን ሲሞላ ዳግመኛ አያለቀልቃቸውም፤ የተጣራ ውኃ በጠብታ ነበር የሚቆጥበው። ብልቃጦቹ ውስጣቸው ትንሽ ቡናማ እንደሆነ አይቷል። የአሞኒያው ሥራ ነው ብሎ ተወው።

በዚያው ሳምንት ዶቃው መጣ።

አቤት የዚያን ቀን! አበጋዝ እየጮኸ ከጓዳ ወጣ። ድርቤን ከመሬት አንስቶ አዞራት። «መጣ! ድርቤ፣ መጣልኝ!» ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ አስደገፋት፤ ድብልብል፣ ነጭ፣ አንገት ላይ የሚታሰር ዶቃ የመሰለ። ምክንያቱንም ወዲያው አገኘው። ያን ሳምንት ሣጥኑ እንዲቀዘቅዝ ብሎ ርጥብ ጆንያ አልብሶት ነበር። «ጆንያው ነው!» አለ። ጆንያውን እንደ ታቦት አከበረው። ማንም እንዳይነካው አለና ጠዋት ማታ ራሱ ውኃ ያርከፈክፍለት ጀመር።

ዶቃው በየሳምንቱ መጣ። አበጋዝም ሰው ሆነ። ድርቤ የሱ ደስታ ተጋባባትና ወይራውን ማጠን ቀጠለች፤ ሽታውም ቀንሶላታል፣ ባሏም ተመልሶላታል። ምን ጎደለባት?

አንድ ቅዳሜ ወይራው አለቀባት። ሁለት ብልቃጥ አጥና ሌሎቹን እንዲያው ተወቻቸው። አበጋዝ ሣጥኑን ሲከፍት፣ ከሁለቱ በቀር ሌሎቹ ሁሉ ጠጠር አውጥተዋል። «በዚያ በኩል ጆንያው ደርቆ ነው!» ብሎ ጆንያውን ተሳደበ። ድርቤ ግን ሁለቱን ብልቃጦች ታውቃቸዋለች። በገዛ እጇ ያጠነቻቸው ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልታረጋግጥ ብላ አንዱን ብቻ አጠነች። ዶቃ ያወጣው ያ አንዱ ሆነ።

ወይ ደስታዋ! ጆንያው አይደለም፣ ጭሱ ነው። እሷ ናት! ልትነግረው ተሰናዳች። ፊቷን ታጠበች፣ ነጠላዋን ቀየረች። እንዴት እንደምትጀምር ለብቻዋ ተለማመደች። ወደ ሳሎን ስትገባ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ። ቢያዩዋትም ወሬያቸውን አላቋረጡም። ድመት የገባች ያህል ነው።

«ያጨሁልህ የፊታውራሪው ልጅ የተማረች ናት» ይላሉ እትዬ ሸዋጌጥ። «አዲስ አበባ ቤት አላቸው። ከፈረንጅ ጋር ማዕድ ስትቀመጥ አታሳፍርህም።»

ድርቤ በሩ ላይ ቆመች። አበጋዝ ቀና ብሎ አያትና፣ «ከመጣሽ አይቀር ስሚ» አላት። ድምፁ አልተቆጣም፤ የቤት ሥራ የሚሰጥ ነበር የሚመስለው። «ፕሮፌሰሩ ሊመጣ ነው። ዶቃውን በዓይኑ ካየ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። አንቺን እዚያ ይዤ አልሄድም። አንቺም ኡኬ ትገቢያለሽ።»

«አባቴ በር ዘግቶብኛል፤ አንተ ታውቃለህ» አለች።

«አባት ነው፤ ይከፍታል።»

«እናቴ ስትቀበር እንኳ አልከፈተም።»

«እንግዲህ» አሉ እትዬ ሸዋጌጥ፣ «በር ያዘጋሽ እኛ አይደለንም።»

ከዚያ አበጋዝ፣ «ምን ፈልገሽ ነበር የመጣሽው?» ብሎ ጠየቃት።

«ስለ ዶቃው ልነግርህ ነበር።»

አበጋዝ እናቱን አየ፣ እናቱም እሱን አዩ። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። «ሰማሽ፣ እማዬ? ድርቤ ኬሚስትሪ ልታስተምረኝ ነው!» እትዬ ሸዋጌጥ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «አይ የኡኬ ምሁር! በይ ንገሪው፣ ንገሪው እንጂ!» አሉ።

«ተወው፤ ምንም አይደለም» አለች ድርቤና ወጣች።

የዚያን ቀን አለቀሰች እንዳትሉኝ፤ አላለቀሰችም። ጓሮ ቁጭ ብላ አሰበች። ዛሬውኑ ማጠኑን ብታቆም ምን ይሆናል? ጠጠር ይመጣል፣ አበጋዝ ፕሮፌሰሩን አትምጣ ይለዋል፣ ሌላ ጆንያ ይፈልጋል፤ ተስፋው ግን አይሞትም። ተስፋ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም። በዝቅታ ላይ ያለ ነገር ቢወድቅ ምን ይሆናል? ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ አድርጎ፣ ከፍ አድርጎ መልቀቅ። ይህን ስታስብ የገዛ ልቧ አስፈራት። ግን አልተወችውም።

ገበያ ወርዳ ከአዴ ዱቤ ወይራ ገዛች። አዴ ዱቤ እንጨት ሻጭ ናቸው፣ የሰው ጓዳ መጠየቅ ይወዳሉ። «ላም ገዛችሁ እንዴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሏት።

«ላም የለንም፣ አዴ።»

«ታዲያ ምን ልታጥኝበት ነው?»

«ለባሌ ነው» አለች። አዴ ዱቤ በሳቅ ተንከተከቱ። እሷም አብራቸው ሳቀች።

ከዚያ በኋላ አንድ ብልቃጥ እንኳ ሳታጥን አላለፈችም። ሁሉም ዶቃ፣ በየሳምንቱ ዶቃ። አበጋዝ ለፕሮፌሰሩ ቀን ቆርጦ ና ብሎ ጻፈለት። ለርእሰ መምህሩ ተናገረ፣ ለአስተማሪዎቹ ተናገረ፣ ቢራ ቤት ተናገረ። አዲስ ሱፍ አሰፋ። የቤቱን ዕቃ እየዞረ «ይሄ ይሸጣል፣ ይሄ ይሄዳል» ይል ጀመር። ድርቤ ጠላ ስትጠምቅ፣ ለእንግዳው ቤቱን ስትለቀልቅ፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ ያለሷ የሚሄድበትን የአዲስ አበባ መንገድ ይነግራት ነበር፤ ጨካኝ ማለት እንዲህ ነው፣ ጭካኔው እንኳ ትዝ አይለውም። እሷም «እሰይ፣ ይቅናህ» ትለዋለች።

ማጭበርበር አለ እንዳይባል፣ ፕሮፌሰሩ ከመምጣቱ በፊት ሣጥኑ በርእሰ መምህሩ ፊት ተዘጋጅቶ በሰም እንዲታሸግ ተባለ። የዚያን ቅዳሜ ድርቤ ወይራ አላነደደችም። ይልቁንም ብልቃጦቹን ከሥር ጀምራ በአመድና በሎሚ ፈተገቻቸውና በዝናብ ውኃ አለቀለቀቻቸው። አበጋዝ ሲደረድራቸው ወደ ብርሃን እያነሣ፣ «ዛሬስ እንዴት አብረቅርቀዋል!» አለ። ሣጥኑ ተዘጋ፣ ሰሙ ፈሰሰ፣ ርጥቡ ጆንያም በክብር ለበሰ።

ፕሮፌሰሩ በላንድሮቨር መጣ። ከአኖ ከተማ ወዲህ ያለው የመንገድ ጭቃ አሰቃይቶት ነበር፤ ቢሆንም ሳቂታ ሽማግሌ ነው። ሳሎኑ በሰው ሞላ። እትዬ ሸዋጌጥ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። አበጋዝ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አድርጎ ስለ ጆንያው ረጅም ንግግር አደረገ። ሰሙ ተሰበረ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ፍሬ በስስ መስተዋት አንስቶ፣ ራሱ እንኳ ሳያየው፣ «አንተ ቅደም» ብሎ ለፕሮፌሰሩ አቀረበለት።

ፕሮፌሰሩ አየ። ቆየ። ቀና አለና በትሕትና፣ «ካልሳይት» አለ።

አበጋዝ ሳቀ። ሁለተኛውን አቀረበ። «ካልሳይት።» ሦስተኛውን ራሱ አየው፤ ጠጠር። አራተኛውን ሲያነሣ ብልቃጡ አምልጦት ተሰበረ። «አንድ ሳምንት ቆይልኝ» አለ። «አንድ ሳምንት ብቻ! ጆንያው ነው፣ ጆንያው ደርቆ ነው!» ፕሮፌሰሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ጠጠሮቹ በጣም ያማሩ እንደሆኑ ነገረው። ከኋላ አንዱ አስተማሪ «ጆንያው» ብሎ ሳቁን በእጁ አፈነ። ድርቤ ወጡን አቀረበች፤ የበላ የለም። ላንድሮቨሩ ሲነሣ አበጋዝ በአዲሱ ሱፍ ጭቃው ውስጥ ከኋላው ሮጠ። መስኮቱን እየደበደበ እስከ መታጠፊያው ሮጠ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አብረውት ሮጡ።

ድርቤ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል?

ከዚያ ወዲያ ነቀምቴ «መምህር ጆንያ» አለችው። ቀን የጣለውን ሰው ማን ያነሣዋል? የፊታውራሪው ልጅ ለሌላ ተዳረች። እናቱ እንኳ ምላሳቸውን ወደሱ አዞሩ፤ «አባትህ ጠመንጃ ይዞ አገር አቀና፣ አንተ ጆንያ ይዘህ አዋረድከን» ይሉት ጀመር። አበጋዝ አንገቱን ደፋ። ጓዳውን ዘጋው፣ ቢራ ቤቱንም ተወ። ማታ ማታ ድርቤ አጠገብ ይቀመጣል። «ካንቺ በቀር ማን አለኝ» ይላታል። አንድ ቀን ጭኗ ላይ ተደፍቶ፣ «መጥቶልኝ ነበር እኮ፣ ድርቤ፤ ለምን ጥሎኝ ሄደ?» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ራሱን ዳበሰችው።

ግን ሰው አይደለች? የሚጠላት ባል ሲወድቅ ደስ ብሏት ነበር፤ የሚወዳት ባል እያለቀሰ ሲያድር ግን አላስችል አላት። ደጉ አበጋዝ፣ ትከሻዋን አቅፎ ማይክሮስኮፕ ያሳያት የነበረው፣ ተመልሶ የመጣ መሰላት።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎረቤት የታለበ ወተት ሰጣት። ዕቃ አጣች። ከጓዳው አንድ ብልቃጥ አመጣች፤ ልማድ ነውና ወይራ አነደደች፣ አጠነችው፣ ወተቱን ቀድታ ለአበጋዝ አቀረበችለት። ከብዙ ወር በኋላ አፍንጫው ተመልሶለት ነበር። ገና ሳይጠጣ አሸተተው። ቀጥሎ ወተቱ ካልደረሰበት፣ ከብልቃጡ አንገት በታች ያለችውን ቡናማ መልክ አየ። ዓይኑ እዚያው ላይ ቀረ።

«ይሄ ቡናማው ነገር ምንድን ነው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «የወይራ ጭስ ነው» አለች። ከዚያ ማቆም አቃታት። ሁሉንም ነገረችው፤ ቅዳሜውን፣ ሁለቱን ብልቃጦች፣ አመዱንና ሎሚውን። «ልነግርህ መጥቼ ነበር፤ ሳቃችሁብኝ» አለች። ዓይኗን ጨፍና ጥፊውን ጠበቀች።

ጥፊ አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ አበጋዝ ቆሟል። ፊቱ በርቷል፤ ልክ ዶቃው በመጣ ቀን እንደበራው። ለምን አደረግሽው አላላትም። ያ ነገር ከቁም ነገር የተቆጠረ አይመስልም። ወተቱን ደጅ ደፋው፣ ብልቃጡን በሸሚዙ ጠረገ፣ የጓዳውን በር በእግሩ ከፈተው።

«ድርቤ! ወይራ አምጪ!»

አመጣችለት። ምን ታድርግ? እንዴት እንደምታጥነው አሳዪኝ አላት፤ አሳየችው። ፍሙን ስንት ያህል፣ ጭሱን እስከ መቼ እያለ ጠየቃት። መለሰችለት። እጁን እጇ ላይ አድርጎ ብልቃጡን አብሯት ያዘ።

እትዬ ሸዋጌጥ ከሳሎን ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «አበጋዝ!» ብለው ተጣሩ።

«አቤት እማዬ!»

«ታዲያ ፈረንጁ ዳግመኛ ይመጣል በለኛ?»

«ይመጣል። ባይመጣም እሄድበታለሁ።»

«እንግዲያው ለዚህች ልጅ አባት ከአሁኑ ሰው ልላክባቸው? መጥተው ይውሰዷት።»

አበጋዝ ዓይኑን ከጭሱ ላይ አላነሣም። «ላኪባቸው» አለ። ከዚያም ወደ ድርቤ ጠጋ ብሎ፣ በዚያ በጥንቱ ለስላሳ ድምፁ፣ «ጭሱ እንዳያመልጥ ደህና አድርገሽ ድፊው» አላት።

ድርቤ ደህና አድርጋ ደፋችው።